የኑርሃን አሚን

አብዱልሀኪም ሚስቱንና የሰባት ዓመት ልጁን ማድ ቤት አስገብቶ በሩን ከውስጥ ከቀረቀረ በኋላ፣ ስለ ወንድሙ ሞት አንድም ውሸት ሳይናገሩ እንዴት እንደሚውሉ ያስረዳቸው ጀመር። ገና ማለዳ ነው፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን ማለዳ ብሎ አያዝንምና የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ከወዲሁ መንጣጣት ጀምሯል። ናጅዋ የተጣደው ሻይ እንዳይገነፍል በአንድ ዓይኗ እየጠበቀች ትሰማዋለች። ኑርሃን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አባቷ ባስተማራት ሥርዓት አፍ አፉን ታየዋለች። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን በተራ በተራ አስቀመጠው። ወንድሙ ሱሌይማን ጅዳ ላይ ሞቷል። እዚያው ተቀብሯል። ለእናታቸው ለእማማ ከዲጃ መርዶው የሚነገረው ግን ነገ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነው፤ እህታቸው ሐምዲያ ከማጀቴ ስትደርስ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ደጋፊ ሰው በግራና በቀኝ ሲቀመጥ። እስከዚያ ድረስ እሳቸው አንዲት ነገር መስማት የለባቸውም። ልባቸው ደካማ ነው፤ የግፊት ክኒን የሚውጡ ሰው ናቸው፤ በድንገት ከሰሙ ከአንድ ሐዘን ሁለት ሐዘን ይሆናል። ይህን ሲል ናጅዋን አያት። ቤት የምትውለው እሷ ናትና፣ ነገሩ ቢያፈተልክ ከማን እጅ እንዳፈተለከ ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ኑርሃን በዚህ ስብሰባ የተገኘችው ተጋብዛ አልነበረም። ትናንት ማታ በረንዳው ላይ ስልክ ሲጮኽ፣ አባቷ አዳምጦ «ኢንና ሊላሂ» ብሎ ግድግዳውን ሲደገፍ፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መስማቷ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የከተማው ልጅ ሁሉ የትልልቆችን ወሬ እየሰማ ነው የሚያድገው። ጭንቁ በአብዱልሀኪም ቤት ያደገች መሆኗ ላይ ነው። አብዱልሀኪም በሥራው የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ከተማው የሚያውቀው ግን በተርቢያ፣ ማለትም በልጅ አስተዳደግ ትምህርቱ ነው። ጁምዓ ጁምዓ ከዐስር፣ ከተሲያቱ ሶላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ለወላጆች ደርስ፣ የሃይማኖት ትምህርት፣ ይሰጣል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ ልጇን «ና፣ አንድ ነገር ልስጥህ» ብላ የጠራችውን እናት ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው ነው አሏት፤ ተምር አለች፤ ምንም ሳትሰጪው ብትቀሪ ኖሮ ውሸት ይጻፍብሽ ነበር አሏት። ይህ ታሪክ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው «በዚህ ቤት አይዋሽም» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ሆኖ ቤቱን ያስተዳድራል። ልጅቷ ክትባት ስትከተብ «አያምምሽም» ያለቻትን ነርስ «ያማል በያት» ብሎ ሰው በተሰለፈበት ተሟግቷል። ፍሬውም አፍርቷል፤ ኑርሃን ውሸት አታውቅም። እንግዳ ሆና በሄደችበት ቤት ወጡ እንዴት ነው ሲሏት ጨው በዝቶበታል ትላለች። የአባቷን አለቃ ሆድዎ ለምን ተነፋ ብላ ጠይቃለች። ናጅዋ ስንት ጊዜ ፊቷን በሻርፓዋ ሸፍናለች። ብቻዋን ስትሆን ግን፣ እሷ ራሷ በዚህ ቤት ስንቱን ነገር ስትውጥ እንደኖረች ስታስብ፣ ያቺ ልጅ የምትናገረው ነገር ሁሉ እንደ ጠዋት ውኃ ይቀዘቅዛታል። አንድ ነገር ሳይነካ እንዲቆይላት የምትመኝ ቢሆን እሱን ነበር።

«እማማ ከጠየቁኝስ?» አለች ኑርሃን።

«ዝም ትያለሽ። ዝም ያለ ሰው አልዋሸም።»

«ለምን ዝም አልሽ ካሉኝስ?»

«ያን ጊዜ ጥርሴን አመመኝ…» ብሎ ጀመረና አብዱልሀኪም ምላሱን ያዘ። «የለም፤ እሱ ውሸት ነው።»

«አላመመኝም። ይነቃነቃል እንጂ» አለች ልጅቷ፣ የፊት ጥርሷን በጣቷ ወዲያና ወዲህ እያደረገች።

«እንግዲያው ይነቃነቃል በይ» አለ፣ ፊቱ ጭቃ ውስጥ ከገባ ባጃጅ እንደወጣ ተሳፋሪ እየበራ።

ለሚስቱም መድኃኒቱን አዘጋጅቶላት ነበር። እማማ ሱሌይማን ደህና ነው ወይ ካሉሽ «አልሐምዱሊላህ» በይ አላት። አላህ በደስታም በሐዘንም ይመሰገናል፤ ቃሉ ከማንም ጋር አያጣላም። ሱሌይማን ሁልጊዜ ጁምዓ ከሶላት በኋላ የሚደውለው በናጅዋ ስልክ ነው፤ ለዚህም አስቦበታል። ስልኩን ጠዋቱን ይዞት ይሄድና ጥገና ቤት ያስቀምጠዋል፤ ድምፅ ማውጫውን ይጥረጉለት። ስልኩ የታለ ካሉሽ ጥገና ቤት ነው በይ፤ እውነት ነው። ናጅዋ፣ ልጅቷንም ይዘሃት ብትሄድስ ስትለው ጥቂት አሰበና፣ ጉባኤ ፊት እጇን አውጥታ ብትጠይቀኝስ አለ። ይህን ሲል ፈገግ አላለም።

ያልተነገረ አንድ ነገር ነበር፤ ናጅዋም ታውቀዋለች። ማለዳ ከሱብሒ ሲወጡ ሽማግሌው ከቢር ማሕሙድ፣ እናታችሁን ሳትነግሩ ለምን ታሳድሯታላችሁ፣ ዛሬውኑ ንገሯትና ከአላህ ዘንድ ትታገሥ፣ ትዕግሥት ማለት የመጀመሪያው ምት ላይ ነው ብለውት ነበር። አብዱልሀኪም፣ የሰፈሩን ሠርግ ከበሮ፣ የሰፈሩን ዚያራ፣ የሰፈሩን ልማድ ሁሉ መሠረት የለውም እያለ ዓመት ሙሉ ሲሟገት የኖረው ሰው፣ ዛሬ የመርዶ ልማድ ጠበቃ ሆኖ ተነሣ። የአባቶቻችን ወግ ነው አለ። ሕዝቡ ይቀየመናል አለ። ያላለው፣ ዛሬ ከዐስር በኋላ የሚሰጠው ደርስ እንደ ሌላው ጁምዓ አለመሆኑን ነው። ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፤ ከደብረ ብርሃን ካሜራ የያዘ ልጅ ይመጣል፤ «ልጅን በእውነት ማነጽ» የሚል ባነር ከአስፋልቱ ማዶ ለማዶ ተወጥሯል። ቤቱ ድንኳን የተጣለበት ሰው ስለ ልጅ አስተዳደግ አያስተምርም። ሐዘኑ አንድ ቀን ቢታገሠው ምን አለበት። ወንድሙን አይወደውም ማለት አይደለም፤ ሌሊቱን ትራሱን ነክሶ ሲንሰቀሰቅ አጠገቡ ተኝታ ሰምታዋለች። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ከዚህ ቤት እውነት የሚጎድልበት ጊዜ የለም።

እሱ ስልኳን በኪሱ ይዞ ከወጣ በኋላ ናጅዋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የምትደውልበት የላትም፤ ገበያ ወጣ እንዳትል ልጅቷን ከአያቷ ጋር ብቻዋን ልትተው ነው፤ ልጅቷን ይዛ እንዳትወጣ አሮጊቷን ውኃ የሚያቀብል የለም። ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ የተነጠፈው የመጅሊስ ፍራሽ፣ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረው ቬንትሌተር፣ ጥግ ላይ ያለው የእማማ ከዲጃ አልጋ፣ አልጋው ላይ ያለው ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ሱሌይማን የላካቸው ናቸው። ብርድ ልብሱን የሚለብስበት ብርድ በዚህ አገር ተገኝቶ አያውቅም፤ እሳቸው ግን ልጄ ከላከው ብለው ከእግራቸው ሥር አያነሡትም። ናጅዋ ዓይኗን የምታሳርፍበት ነገር አጣች። ያየችው ዕቃ ሁሉ ሬሳ ነው። ሱሌይማን ስልክ ሲደውል ከእናቱ ቀጥሎ እሷን አቅርቡልኝ እያለ፣ የመድኃኒት ቤት ሥራሽን እንደገና ጀመርሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት፣ ዲፕሎማዋ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የሚቆጨው ብቸኛ ሰው ነበር። ለቅሶዋ ፈቃድ ይጠብቃል። ፈቃዱ ያለው ነገ ከሱብሒ በኋላ ነው።

እማማ ከዲጃ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ቤቱን የሚያዩት በጆሮ ነው። የዝምታውን ለውጥ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ኑርሃን ለወትሮው ከሶላት በፊት የውዱእ ውኃ ስታፈስላቸው እንኳ አፏ አይዘጋም፤ የዶሮውን፣ የጎረቤቱን፣ ሕልሟን ትተርክላቸዋለች። ዛሬ ውኃው ብቻ ነው የሚሰማው። ምነው ኑርዬ አሏት። ዝም። ማን ተቆጣሽ አሏት። ዝም። እጃቸውን ዘርግተው ግንባሯን ዳሰሱ፤ አንገቷን ዳሰሱ፤ ትኩሳት የለም። ኑርሃን እናቷን አየችና፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ፣ «ጥርሴ ይነቃነቃል» አለች። ጥርስ መነቃነቅ ምላስ አይዘጋም አሉ እማማ ከዲጃ። ይህቺን ልጅ ዓይን ነክቷታል ብለው ጥቁር አዝሙድ በማር አስበጠበጡ፤ ብርጭቆ ውኃ ላይ የቁርኣኗን ፋቲሐ ቀሩበት፤ አንዱን አስልሰው አንዱን አስጠጡ። ልጅቷ ያልታመመችውን በሽታ መድኃኒት ሁሉ ሳታማርር ዋጠች። ናጅዋ ከማድ ቤቱ በር ቆማ ታያለች፤ ይህ ከየትኛው ይመደብ፣ መዋሸት ነው መታከም?

ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው ደመቀች ሽንኩርትና ማንጎ በፌስታል ይዛ መጣች። ሐዘን ቤት ነው ብላ ከቤቷ ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ኖሯል፤ ናጅዋ በር ላይ በዓይኗ ስትጠቅሳት ደነገጠችና ቸኩላ ገለበጠችው። ከዚያ ወዲያ ግን ሴትየዋ ያደረገችው ተአምር ነው። ድምፅዋን እንደ ፋሲካ ማግስት አደመቀችው። እማማ ከዲጃን ሳመች፤ ትንፋሽዎ ዛሬ እንደ ልጃገረድ ነው አለቻቸው፤ ስለ ሽንኩርት አወራች። ኪሎው መቶ ብር ገብቷል፤ እዚሁ ቀወት በቅሎ፣ እዚሁ ገበያ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ይመስል የመንገድ ወጪ ያስከፍለናል አለች። ማንጎውም እንደዚያው፤ ከዛፉ ሥር ቆመን በአየር መንገድ ዋጋ እንበላለን። አሮጊቷ ሳቁ። ሳቃቸው መሀል፣ ሱሌ ዛሬ ይደውላል፣ ሰላምታሽን አቀርብልሻለሁ አሏት። ደመቀች ዓይኗ ሳይርገበገብ፣ ሳሙልኝ፣ ሚስት ፈልጌለታለሁ በሉት፣ ቶሎ ይምጣ አለች። ኑርሃን አፏን ከፍታ ታያታለች፤ ሰርከስ የመጣ ጊዜ በገመድ ላይ የሄደችውን ልጅ ያየችው እንዲህ ነበር። ማድ ቤት ሲገቡ ደመቀች የቡና ዘነዘና በተቀመጠበት መደብ ላይ ተዘረገፈች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«እትዬ ደመቀች» አለች ኑርሃን ተከትላት ገብታ፣ «አሁን የተናገሩት ሁሉ ተጻፈብዎ?»

ደመቀች ዕንባዋን ጠርጋ ልጅቷን አየቻት። «ይጻፍብኝ ልጄ» አለች። «በእሳቸው ልብ ላይ ከሚጻፍ በእኔ ላይ ይጻፍ።» ወደ ናጅዋ ዞራም፣ አንቺ ደግሞ ሽንኩርቱን ክተፊ፣ ከታፊን ለምን አለቀስሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም አለቻት። ናጅዋ ለሦስት ሰው ምሳ የማያስፈልገውን ሽንኩርት ከተፈች። ከተፈች፣ ከተፈች። ባሏ እዚህ ቢኖር እሱም ይፈቅድላት ነበር፤ የሽንኩርት ዕንባ ዕንባ ነው፤ ማንም ውሸት አይለውም።

ጁምዓ ተሰግዶ የመንገዱ ድምፅ ሲመለስ፣ ባጃጆቹ ሰጋጅ ጭነው ሲንጫጩ፣ እማማ ከዲጃ ሻሻቸውን አስተካክለው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የሞራው ዓይን ስልኩን አያይም፤ የልጃቸውንም ፊት ስልኩ መስታወት ላይ አያዩትም፤ ቢሆንም ሻሽ ሳይጠመጥሙ ለልጃቸው ጥሪ ቀርበው አያውቁም። መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ስልኩን አምጪ አሉ። ጥገና ቤት ነው አለች ናጅዋ። ምን ሆኖ አሉ። ድምፅ ማውጫው ሊጠረግ። ትናንት እኮ ደህና ይሰማ ነበር አሉና፣ በአብዱልሀኪም ስልክ ደውሎ ይሆን አሉ። አልደወለም አለች። ይህም እውነት ነበር። እያንዳንዱ እውነት በሯን በስተኋላዋ እንደሚቀረቅር ተሰማት፤ አንዱን ተናግራ ስትወጣ ሌላው ክፍል ከበፊተኛው ይጠብባል።

«ልጄ ግን ደህና ነው?»

ናጅዋ የአልጋውን ብረት ያዘች። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

እማማ ከዲጃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠዋት አብዱልሀኪምን እንዴት አደርክ፣ ወንድምህስ ብለው ጠይቀውት ነበር፤ እሱም አልሐምዱሊላህ ነው ያለው። «ዛሬ ሁላችሁም አላህን አብዝታችሁ ታመሰግናላችሁ» አሉ። «ደግ ነው።» ሻሻቸውን ግን አልፈቱም። ስልኩ ሊመጣበት በሚችለው በር በኩል ፊታቸውን አዙረው፣ ላብ ከጠጉራቸው ሥር እየወረደ፣ እንደ ተቀጠረ ሰው ቁጭ አሉ። ኑርሃን እግራቸው ሥር ነበረች። ጥርሷን በምላሷ ትገፋለች፤ ትመልሳለች። እናቷን አየት ታደርጋለች፤ እንደ ጠዋቱ አይደለም፤ ዓይኗ ውስጥ ጥያቄ የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ገብቷል። ናጅዋ ያን ነገር ስላላወቀችው ሳይሆን ስላወቀችው ፊቷን መለሰች።

ዐስር ተሰግዶ ደርሱ ተጀመረ። መስጊዱ ሩቅ አይደለም፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ሩቅ ቢሆንም ቅርብ የሚያደርግ ነው። የአብዱልሀኪም ድምፅ በመስኮቱ ገብቶ ሳሎኑን ሞላው። እማማ ከዲጃ መጋረጃውን ግለጡልኝ አሉ፤ ልጃቸው ሲናገር ደስ ይላቸዋል። ልጅ የምትነግሩትን ሳይሆን የምትሆኑትን ነው የሚይዘው አለ ድምፁ። ልጅ ፊት የተነገረች ትንሽ ውሸት፣ ልጁ አድጎ የሚኖርባት ቤት ትሆናለች አለ። ሰዉ ሱብሓነላህ ሲል ይሰማል። ናጅዋ የእማማን ክኒን፣ ውኃና የተቆረጠ ማንጎ በትሪ አድርጋ ከማድ ቤቱ ስትወጣ፣ አሮጊቷ አልጋው ላይ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ዞረው፣ ኑርሃንን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘርግተው አገኘቻቸው። እግሯ ባለበት ቀረ። ቀኑን ሙሉ ስለ ጥያቄ ስትጨነቅ፣ ስለ ስልክ ስትጨነቅ፣ ይህን እንዴት ረሳችው? የጁምዓ የመጨረሻው ሰዓት ዱዓ ተቀባይ ነው። እማማ ከዲጃ ይህን ሰዓት አሳልፈውት አያውቁም። ከልጅቷ ጋር ነው የሚያደርጉት፤ የእሳቸው ዱዓ በወንጀላቸው ቢከብድ እንኳ ወንጀል የሌለበት ልጅ አሚን ያነሣዋል ብለው ያምናሉ። እሳቸው ይለምናሉ፤ ኑርሃን አሚን ትላለች። አፍ ከፈታች ጀምሮ ሥራዋ ነው።

ዝናቡን በጊዜ ስጠን አሉ እማማ ከዲጃ፤ የቀወትን ማሽላ ከተምች ጠብቅልን። አሚን። መንገደኛውን በሰላም ከቤቱ አግባ፤ አገሩን ሰላም አድርግ። አሚን። ሕፃናቱን በዲናቸው አሳድግልን። አሚን። የልጆቼን አባት ቀብሩን አብራለት። አሚን። ሐምዲያን ልጅ ስጣት። አሚን። የልጅቷ ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣውን ያህል ነው የሚወጣው፤ ከፍ ያለ፣ ጥርት ያለ፤ በዚህች ቃል ውስጥ ማንም መሸፈን ያለበት ነገር አልነገራትም። ናጅዋ ትሪውን ይዛ ልትጠራት ፈለገች። ነይ እዚህ፣ ኑርዬ፣ አንድ ነገር ልስጥሽ ልትላት። ምላሷ ተምሩ ላይ ተሰናከለ።

«ሱሌይማኔን» አሉ እማማ ከዲጃ፣ ድምፃቸው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ እንደሚሆነው እየሳሳ፣ «ዕድሜውን አርዝምልኝ። በሰላም ለአገሩ መልስልኝ። እጁን ይዤ ልሙት።»

አሚን አልመጣም።

በመስኮቱ የሚገባው ድምፅ ስለ አደራ ይናገራል። እማማ ከዲጃ ልጅቷ ያልሰማች መስሏቸው፣ ወይም እሳቸው ያልሰሙ መስሏቸው፣ ደገሙት። ዕድሜውን አርዝምልኝ። በሰላም መልስልኝ። ዝም። ኑርሃን መዳፎቿን እንደዘረጋች ናት፤ ከንፈሯ ተጣብቆ አገጯ ይንቀጠቀጣል። አላህን በሚለምኑበት ቃል ላይ እንዴት ይዋሻል? ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ማንም ማድ ቤት አስገብቶ መውጫውን አላሳያትም።

«ኑርዬ፣ አሚን በዪኝ እንጂ» አሉ አያቷ በቀስታ።

«ጥርሴ» አለች ኑርሃን፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ «ጥርሴ ይነቃነቃል።»

እማማ ከዲጃ እጃቸውን ሰደው የልጅቷን ፊት ፈለጉ። ጉንጯ እርጥብ ነው። ጣቶቻቸው እዚያ እርጥበት ላይ ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ቦታው መልሰው ዘረጉ፤ ክረምት ላይ የሮቢን ወንዝ የሚሻገር ሰው ጥልቀቱን ሊያውቅ እግሩን እንደሚያስቀድመው፣ ድምፃቸውን ብቻ አስቀደሙ።

«ሱሌይማንን… አላህ ይርሐመው። ቀብሩን ያስፋለት።»

«አሚን» አለች ኑርሃን፣ ቀኑን ሙሉ ይዛ የዋለችውን እስትንፋስ እንደምትለቅ።

አሮጊቷ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ጠርገው ማንሣት ነበረባቸው፤ አላነሡም። ከመዳፋቸው ሥር «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ ይሰማል። አልጮኹም። ልባቸውም ሰው እንደፈራው አልቆመም፤ ትከሻቸው ብቻ፣ ዕቃ የተጫነበት ይመስል፣ በቀስታ ዝቅ አለ። ናጅዋ ትሪውን መሬት አስቀምጣ ከእግራቸው ሥር ተንበረከከች። መቼ ነው አሉ፤ ነገረቻቸው። ቀበሩት? ቀብረውታል። ሰው ነበረው? አብረውት የሚሠሩት የአገሩ ልጆች ሁሉ ነበሩ። ማን ሊነግረኝ ነበር አሉ፤ ነገ ከሱብሒ በኋላ፣ ሐምዲያ ስትደርስ፣ ከቢር ማሕሙድ ባሉበት አለች። ልጥራው እማማ፣ አሁን ሮጬ ልጥራው አለች።

«ተዪው» አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ድምፅ ማጉያው ስለ እውነት ይናገራል፤ ሰዉ አላሁ አክበር ይላል። «እንዴት አድርጎ እንደሚናገር አየሽ? ልጄ እኔን ሳይዋሽ ሊደብቀኝ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ውሏል። ድካሙን ከንቱ አላስቀርበትም። ሐምዲያም ሳትደርስ ለብቻዬ አላለቅስም። ነገ ይምጡ። ነገ እሰማለሁ።»

«እማማ» አለች ኑርሃን፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፣ «ሰምተዋል እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ነገ እንዴት ይሰማሉ?»

አያቷ የልጅቷን ጉንጭ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ወደ ራሳቸውም ስበው፣ ጥርስሽ ይነቃነቃል አይደል፣ ማንም ከጠየቀሽ እሱን በይ አሏት። ክኒናቸውን ዋጡ። ማንጎውን አልነኩትም። ነብር ያለበትን ብርድ ልብስ ከእግራቸው ሥር አንሥተው፣ በዚያ ሙቀት፣ እስከ አገጫቸው ተሸፈኑ።

አብዱልሀኪም የመጣው ከመግሪብ በኋላ ነው። ፊቱ መጀመሪያ ብሩህ ሆኖ ገባ፤ ከበሩ ሲያልፍ ታወሰውና አጠቆረው። ስልኩን መለሰላት፤ ድምፅ ማውጫው ተጠርጓል፤ እውነትም ቆሽሾ ነበር አለ። ማድ ቤት ተከትሏት ገብቶ በሩን መለስ አደረገ። ጉባኤው አምሮ እንደነበረ፣ የዞኑ እንግዶች በሌላ ከተማም እንዲያስተምር እንደጠየቁት በጥቂት ቃል ነገራት። እየነገራት ዓይኑ ዕንባ አቀረረ፤ ሱሌ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር አለ፤ ግድግዳውን ተደገፈ። ናጅዋ በዚያች ሰዓት እጁን ልትይዘው፣ ሁሉን ልትነግረውና አብረው ሊያለቅሱ አሰበች። እሱ ግን ፊቱን ጠርጎ ወደ ሳሎኑ በአገጩ አመለከተ።

«እናቴ እንዴት ዋለች? ሰላም ነው?»

ናጅዋ ከኋላው፣ በበሩ ስንጥቅ፣ ኑርሃን ቆማ አየቻት። የነገውን ጠዋት አየች፤ ከቢር ማሕሙድ ሲገቡ፣ ሐምዲያ ስትጮኽ፣ እማማ ከዲጃ እንዳዲስ ሲሰሙ፣ እሷ እንዳዲስ ስትይዛቸው። በሮቹ ሁሉ ተቀርቅረዋል፤ አንዲት ቃል ብቻ ክፍት ነበረች፤ ያቀበላት እሱ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

አብዱልሀኪም በረጅሙ ተነፈሰ። ሲወጣ ኑርሃንን በር ላይ አግኝቷት ራሷን ዳበሰ። አየሽ አላት፤ ዝም ማለት እንደማይከብድ፣ ሰው ሳይዋሽም ቤቱን መጠበቅ እንደሚችል አየሽ? ኑርሃን ጥርሷን በምላሷ ገፋችው።

እራት ተበልቶ ገበታው ሲነሣ፣ እንደ ቤቱ ወግ አብዱልሀኪም መዳፎቹን ዘረጋ። መብራት ተመልሷል፤ ቬንትሌተሩ የአራቱን ጥላ ግድግዳው ላይ፣ «በዚህ ቤት አይዋሽም» በሚለው ላይ ያሽከረክረዋል። ለእናቱ ጤና ለመነ፤ አሚን አሉ። ለቤቱ በረከት ለመነ፤ አሚን አሉ። ወንድሙ ላይ ሲደርስ ቃል እየመረጠ፣ እያነሣ እየጣለ ቆየ፤ በመጨረሻ፣ ለወንድማችን ለሱሌይማን መልካሙን ሁሉ ወስንለት አለ። ለሕያውም ለሟችም የሚሆን ቃል ነበር። በማግኘቱ ድምፁ ቀለል አለው። እማማ ከዲጃ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው ከሁሉ ቀድመው፣ ከሁሉ አጥብቀው አሚን አሉ። ናጅዋም አለች።

ኑርሃን መዳፎቿን ዘርግታ ዝም አለች። አባቷን አየችው፤ ዓይኑን ጨፍኗል። አያቷን አየቻቸው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረችና ፊቷን በጥንቃቄ፣ መንገድ ከመሻገሩ በፊት ግራና ቀኝ እንደሚያይ ሰው፣ መረመረችው። ናጅዋ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች።

«አሚን» አለች ልጅቷ።